የአንጀት ሆርሞን ልትለኩ ነው? መጀመሪያ መንገዱን ለዩ

"ጂኤልፒ-1 ብለካ ይሻላል ወይስ ፒዋይዋይ?" በምግብ መፈጨት ፊዚዮሎጂ ላይ ምርምር ሊጀምሩ ካሉ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። ሁለቱም ስንበላ ከአንጀት የሚወጡ ሆርሞኖች ናቸው። ወዲያው ደግሞ "የቱን የመለኪያ ኪት ልግዛ?" ይከተላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ተራቸው ግን ገና ነው። ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። የምታጠኑት መልእክተኛ ወደ ሥራው የሚሄደው በየት በኩል ነው? በደም ተጉዞ ሩቅ ይደርሳል? ከነርቭ ጫፍ ተለቆ እዚያው ይቀራል? ወይስ አጠገቡ ላለው ሕዋስ ብቻ ነው የሚናገረው?

ይህን ሳልጠይቅ ሥራ ጀምሬ አውቃለሁ። ማወቅ የፈለግኩት የአንጀት ጡንቻ እንዴት እንደሚላላ ነበር። ስለዚህ ቪአይፒ የሚባለውን ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ከደም ለካሁ። ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ፣ በየ15 ደቂቃው። ሁለት ወር ሙሉ ደከምኩበት። ያገኘሁት አንድ ጠፍጣፋ መስመር ነው። ልኬቱ ትክክል ነበር። ፔፕታይዱን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲም ጥሩ ነበር። የተሳሳተው ቦታው ነው። ቪአይፒ አንጀት ውስጥ የሚሠራው ከነርቭ ጫፍ ወደ ጎረቤት ጡንቻና ሕዋስ ነው። ደም ውስጥ የሚገኘው ከዚያ ተንጠባጥቦ የተረፈው ነው። ያን ሁለት ወር ሌላ ሰው እንዳያባክነው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደም፣ ነርቭ ወይስ ጎረቤት?

ክርክሩ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኢቫን ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ የምግብ መፈጨትን የሚመራው ነርቭ ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አስፍኖ ነበር። በጃንዋሪ 1902 ለንደን ውስጥ ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ወደ አንድ የውሻ አንጀት ክፍል የሚሄዱትን ነርቮች ቆረጡ። የደም ሥሮቹን ግን አልነኩም። ከዚያ አሲድ አፈሰሱበት። ቆሽቱ ጭማቂውን አመነጨ። ነርቩ ተቆርጧል፤ መልእክቱ ግን ደርሷል። የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ፍቀው፣ ከአሲድ ጋር ፈጭተው ደም ሥር ውስጥ ሲሰጡትም ቆሽቱ ሠራ። ንጥረ ነገሩን ሴክሬቲን አሉት። ስታርሊንግ በ1905 "ሆርሞን" የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ነርቭ ግን ከጨዋታው አልወጣም። በ1931 ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋደም ከፈረስ አንጀትና አንጎል ያወጡት ንጥረ ነገር ሰብስታንስ ፒ ተባለ። አንድ ዓይነት ነገር አንጀትም አንጎልም ውስጥ መገኘቱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። በ1970 ሳሚ ሰዒድና ቪክቶር ሙት ቪአይፒን ከአሳማ አንጀት ለይተው አወጡ። መጀመሪያ ሆርሞን መሰለ። በኋላ ሕብረ ሕዋሱ በአንቲቦዲ ሲቀለም የተገኘው ነርቭ ውስጥ ነው። ስሙ "የአንጀት ፔፕታይድ" ይላል፤ ቤቱ ግን የአንጀት ነርቭ ነው።

ታዲያ የያዛችሁት ነገር የትኛው እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ሰው ሲበላ ደም ውስጥ ያለው መጠን ይለወጣል? ያንኑ መጠን በደም ሥር ብትሰጡ ያው ውጤት ይመጣል? ተቀባዩን፣ ማለትም መልእክተኛው ሕዋስ ላይ የሚያርፍበትን ፕሮቲን፣ ብትዘጉት ውጤቱ ይጠፋል? ሦስቱም "አዎ" ከሆኑ በሆርሞንነት ልታጠኑት ትችላላችሁ። ደም መቅዳቱም ትርጉም አለው። ሁለተኛው ላይ ከወደቀ ተጠንቀቁ። ደም ውስጥ በተለመደው መጠን ስትሰጡት ምንም ካላደረገ፣ ሥራው የሚከናወነው ደም በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ነው።

ሶማቶስታቲን የሚባለውን ፔፕታይድ ውሰዱ። በጨጓራ የታችኛው ክፍል ዲ ሕዋስ የሚባለው ያመነጨዋል። አጠገቡ ያለውን፣ ጋስትሪን የሚባለውን አሲድ አስወጪ ሆርሞን የሚያመነጨውን ሕዋስ ይገታል። ደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ነው። ከክንድ በተቀዳ ደም ስለዚያ የጎረቤታሞች ንግግር መናገር አይቻልም።

በሁለት መንገድ የሚሄዱም አሉ። ሲሲኬ የሚባለው የአንጀት ሆርሞን ደም ውስጥ ገብቶ ሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል። እዚያው አንጀት ግድግዳ ላይ ደግሞ ሆድን ከአንጎል የሚያገናኘውን የቬገስ ነርቭን ጫፍ ይነካና "በቃ ጠገብኩ" የሚል መልእክት ወደ አንጎል ያስልካል። አንጎል ውስጥም ራሱ ሲሲኬ እንደ ኒውሮፔፕታይድ በብዛት አለ። በ2018 ደግሞ በአይጦች ላይ አንዳንድ የአንጀት ሆርሞን ሕዋሶች ከቬገስ ነርቭ ጋር ቀጥታ ሲናፕስ (የነርቭ መገናኛ) እንደሚሠሩና ግሉታሜት በሚባለው የነርቭ መልእክተኛ በፍጥነት እንደሚያወሩት ታየ። አንዱ ሕዋስ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም መልእክት ይልካል ማለት ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ሲሲኬ ወይስ ጋስትሪን? ስም የሚያሳስት ጥንድ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ባክኗል። የሁለቱ ፔፕታይዶች የጅራት አምስት አሚኖ አሲዶች አንድ ዓይነት ናቸው። አንቲቦዲው ጅራቱን ብቻ የሚያይ ከሆነ ሁለቱን አይለይም። በዚያ ላይ ጋስትሪን ደም ውስጥ ከሲሲኬ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በባዶ ሆድ ሲሲኬ በሊትር 1 ፒኮሞል አካባቢ ነው፤ ከምግብ በኋላም ወደ 5 ቢደርስ ነው። ስለዚህ "ሲሲኬ ከምግብ በኋላ 40 ሆነ" የሚል ግራፍ ስታዩ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ጋስትሪን ነው።

መለያው ሰልፌት ነው። ሲሲኬ ከጅራቱ ሰባተኛ ላይ ያለው ታይሮሲን ሰልፌት ይሸከማል። ጋስትሪን ላይ ታይሮሲኑ ስድስተኛ ነው፤ ሰልፌቱም አንዳንዴ ኖሮ አንዳንዴ አይኖርም። ጥሩ የሲሲኬ አንቲቦዲ ይህችን የአንድ እርምጃ ልዩነት ማየት አለበት። ኪት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሰልፌት ካለው ጋስትሪን ጋር ምን ያህል ይጣበቃል? ሻጩ ሰልፌት ከሌለው ጋር ብቻ የተሠራ ቁጥር ከሰጣችሁ መልስ አላገኛችሁም።

ለሲሲኬ ሌላም መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ሐሞት ከረጢቱን በአልትራሳውንድ ተመልከቱ። በ1928 አይቪና ኦልድበርግ ይህን ሆርሞን ያገኙት ሐሞት ከረጢት ሲኮማተር አይተው ነው። የሰውየው አካል ራሱ መለኪያ ይሆናል። መጠኑ ከምግብ በኋላ በየስንት ደቂቃው ስንት እንደቀነሰ መመዝገብ ቀላል ነው፤ ሰውን አያሳምምም። ከደም ልኬት ጋር አብሮ ሲሄድ ደግሞ ቁጥሩ ላይ እምነት ይሰጣል። ይህን ግን በትልቁ የቤተ ሙከራ አይጥ (ራት) ላይ አታስቡት። ሐሞት ከረጢት የለውም። ትንሿ አይጥ (ማውስ) ግን አላት።

ጋስትሪን ከሲሲኬ ይቀላል። መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ኪቶች ያገኙታል። ችግሩ ያለው ተሳታፊው ላይ ነው። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹን የሚወስድ ሰው አሲዱ ስለሚቀንስ ጋስትሪኑ ይጨምራል። የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። የጨጓራ ሽፋኑ የሳሳበት ሰው ደግሞ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ይኖረዋል። ስለ መድኃኒትና ስለ ጨጓራ ሕመም ሳትጠይቁ ሰው ከመዘገባችሁ ውጤቱን የሚወስነው ምግባችሁ መሆኑ ይቀራል።

ጂኤልፒ-1፦ ንቁውን ወይስ ጠቅላላውን?

ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚለካው ይህ ነው። በብዛት በስህተት የሚለካውም እሱ ይመስለኛል።

ጂኤልፒ-1 ኤል ሕዋስ ከሚባለው የአንጀት ሕዋስ ወጥቶ ገና ሩቅ ሳይሄድ ዲፒፒ-4 የሚባል ኢንዛይም ያገኘዋል። ከፊቱ ሁለት አሚኖ አሲድ ይቆርጥበታል። የተቆረጠው እንደ ቀድሞው ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ አያዝም። ንቁው ቅርጽ ደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ሳይቆረጥ ወደ ዋናው የደም ዝውውር የሚደርሰው ከተለቀቀው ትንሹ ክፍል ነው። ለዚህ ነው ሁለት ልኬት ያለው። "ንቁ" የሚባለው ያልተቆረጠውን ብቻ ይቆጥራል። "ጠቅላላ" የሚባለው ሁለቱንም።

ምርጫው ጥያቄያችሁን ይከተላል። "ይህ ምግብ አንጀቱን ምን ያህል ሆርሞን አስለቀቀው?" ከሆነ ጠቅላላውን ለኩ። የተቆረጠውም እኮ የተለቀቀ ነው፤ ካልቆጠራችሁት ሂሳቡ ይጎድላል። "ወደ ቆሽት በደም የደረሰው ስንት ነው?" ከሆነ ንቁውን። ተሳታፊዎቹ እንደ ሲታግሊፕቲን ያለ ዲፒፒ-4ን የሚገታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱንም ለኩ። መድኃኒቱ ንቁውን ከፍ ሲያደርግ ጠቅላላው ሊቀንስ ይችላል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው የታሪኩን ግማሽ ይዞ ይሄዳል።

ንቁውን ከመረጣችሁ ደም የምትቀዱበት ቲዩብ ውስጥ ዲፒፒ-4 ማገጃ አስቀድሞ መኖር አለበት። አፕሮቲኒን ብቻ መጨመር አይበቃም። አፕሮቲኒን ብዙ ኢንዛይሞችን ይገታል፤ ዲፒፒ-4ን ግን አይነካም። ይህ ልማድ ከድሮ የተወረሰ ነውና ከፕሮቶኮል ወደ ፕሮቶኮል ይገለበጣል። ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቲዩብ፣ ዲፒፒ-4 ማገጃ፣ በረዶ፣ ቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ። አንዷ ብትጎድል ያልተቆረጠው ጠረጴዛው ላይ እያለ ይቆረጣል።

ሌላ የሚረሳ ነገር ጨጓራ ነው። ጂኤልፒ-1 የሚወጣው ምግቡ አንጀት ሲደርስ ነው። ጨጓራ ቶሎ ከለቀቀ ሆርሞኑ ቶሎና በብዛት ይመጣል። ከጨጓራ ማሳነሻ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከምግብ ቀጥሎ ብዙ እጥፍ የሚጨምረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለት ምግቦችን ስታወዳድሩ የጨጓራውን ፍጥነት አብራችሁ ለኩ። ትክክለኛው መመዘኛ ሲንቲግራፊ ነው፤ ጨረር የተጨመረበትን ምግብ በካሜራ መከታተል ማለት ነው። እሱ ካልተገኘ ከምግቡ ጋር ፓራሲታሞል ሰጥቶ በደም ውስጥ የሚታይበትን ጊዜ መከታተል ቀላል መንገድ ነው። አለበለዚያ "ይህ ምግብ ኤል ሕዋስን ያነቃቃል" ትሉና ያደረገው ነገር ጨጓራን ማፍጠን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጂአይፒ የሚባለው ሌላው የአንጀት ሆርሞን በተመሳሳይ ኢንዛይም ይቆረጣል፤ የ"ንቁና ጠቅላላ" ነገር ለእሱም ይሠራል። ከላይኛው የትንሽ አንጀት ክፍል ስለሚወጣና መጠኑም ስለሚበልጥ ለመለካት ከጂኤልፒ-1 ይመቻል። የኢንክሬቲን ጥያቄ ካላችሁ፣ ማለትም ግሉኮስ በአፍ ሲወሰድ በደም ሥር ከሚሰጠው ይበልጥ ኢንሱሊን ለምን እንደሚያስወጣ ከሆነ የምታጠኑት፣ ሁለቱን አትለያዩዋቸው። ፒዋይዋይ ዲፒፒ-4 ሲነካው ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት አሚኖ አሲድ ሲጎድልበት ይበልጥ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሰው ቅርጽ ይሆናል። ከምግብ በኋላ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ በ30 ደቂቃ ልዩነት ብትቀዱም ብዙ አያመልጣችሁም።

ግሬሊንና ሞቲሊን፦ ጊዜው ሁሉ ነገር የሆነባቸው

ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በ1999 ጃፓን ውስጥ በኮጂማና ካንጋዋ የተገኘ ነው። 28 አሚኖ አሲድ አለው። ሦስተኛው ላይ የተለጠፈ የቅባት አሲድ አለ። ያ ቅባት ከሌለ የታወቀውን ተቀባይ አያነቃቃም። ደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ደግሞ ቅባቱን በፍጥነት ይልጡታል። ስለዚህ ቅባት ያለውን ለመለካት ደሙ እንደተቀዳ ኢንዛይም ማገጃ መጨመር፣ ፕላዝማውንም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማኮምጠጥ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ በሐቀኝነት ጠቅላላውን ለኩና "ጠቅላላ" ብላችሁ ጻፉ። በግማሽ የተበላሸ ቅባታም ግሬሊን ከማቅረብ ይሻላል።

ግሬሊን ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው የሚሄደው። በባዶ ሆድ ከፍ ይላል፤ ሲበላ ይወርዳል። የመነሻ ናሙናችሁ አንድ ብቻ ከሆነ መውረዱን ከምን እንደምትለኩ አታውቁም። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ጊዜ ቅዱ።

ሞቲሊን ከሁሉም ያስቸግራል። ባዶ አንጀት ከ90 እስከ 120 ደቂቃ በሚሆን ዙር ጠንካራ የጽዳት ማዕበል ይልካል። ሞቲሊን ከዚያ ማዕበል ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝም ብሎ ጠዋት አንድ ቲዩብ መቅዳት ማዕበሉ ላይ ይሁን ከማዕበሉ ውጭ አይነግራችሁም። ከአንጀት ግፊት መለኪያ ጋር ካልሆነ ባትጀምሩት እመክራለሁ። ደግሞ ትንሿ አይጥም ትልቁ አይጥም የሚሠራ የሞቲሊን ጂን የላቸውም። ውሻ ወይም ጥንቸል ያስፈልጋል። ኤሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የሞቲሊንን ተቀባይ ስለሚያነቃቃ በሰው ላይ ጥያቄውን በተዘዋዋሪ ለመፈተን ያግዛል።

በምን እንለካ?

ሮዛሊን ያሎና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ለኢንሱሊን የሠሩት ራዲዮኢሚኖአሴይ ይህን መስክ ከፍቶታል። ያሎ በ1977 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። ዛሬም አንዳንዱ ፔፕታይድ ላይ የሚተካው የለም። የሚፈልገው አንድ አንቲቦዲ ብቻ ነው። ስለዚህ በጣም አጭር ፔፕታይድንም ያያል። ችግሩ ጨረር አመንጪ ነገር መያዝ፣ ፈቃድ ማውጣትና ቆሻሻውን በሥርዓት ማስወገድ ነው።

ኢላይዛ በ1971 ስቶክሆልም ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ጨረር የለውም። ሁለት አንቲቦዲ እንደ ሳንድዊች ፔፕታይዱን ከሁለት ጫፍ ይይዙታል። ለጂኤልፒ-1፣ ለጂአይፒ፣ ለፒዋይዋይ ይህ ጥሩ ነው፤ ንቁውን ከተቆረጠው በግልጽ ይለያል። ለሲሲኬ-8 ግን አይሆንም። በ8 አሚኖ አሲድ ላይ ሁለት አንቲቦዲ እኩል መቀመጥ አይችልም። "ሳንድዊች ኢላይዛ ለሲሲኬ-8" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ማስ ስፔክትሮሜትሪ ሞለኪውሉን ራሱን ያያል። የትኛው ቅርጽ እንዳለ፣ የት እንደተቆረጠ ይናገራል። ክርክር ሲነሳ ዳኛው እሱ ነው። ነገር ግን በሊትር ጥቂት ፒኮሞል ያለውን ነገር ለማግኘት ብዙ ፕላዝማና ረጅም ዝግጅት ይጠይቃል። ለመቶ ናሙና ኢላይዛ፣ ለአምስት ጥርጣሬ ናሙና ማስ ስፔክትሮሜትሪ፤ የእኔ ክፍፍል ይህ ነው።

ብዙ ሆርሞን በአንድ ጊዜ የሚለኩ የጋራ ኪቶች ያጓጓሉ። ከትንሽ ደም አሥር ቁጥር ይሰጣሉ። ግን አንድ ዓይነት ቲዩብና አንድ ዓይነት አያያዝ ለአሥሩም እኩል አይስማማም። ግሬሊን አሲድ ይፈልጋል፤ ሌላው አይፈልግም። ለመጀመሪያ ፍለጋ ካልሆነ በእነሱ ላይ መደምደሚያ አልሠራም።

የትኛውንም ብትመርጡ በራሳችሁ ፕላዝማ ላይ ሁለት ፈተና አድርጉ። የታወቀ መጠን ጨምሩና ስንቱ እንደተመለሰ እዩ። ከዚያ ናሙናውን በግማሽ፣ በሩብ አቅጥኑና ቁጥሩ በዚያው ልክ መቀነሱን እዩ። ካልቀነሰ ኪቱ የሚያየው ሆርሞኑን ሳይሆን በፕላዝማው ውስጥ ያለ ሌላ ነገርን ነው። የጂኤልፒ-1 ኪቶች ጎን ለጎን ሲፈተሹ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የማይለኩ ተገኝተዋል። ስለዚህ የሻጩ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

የቁጥር አሃድም ያምታታል። አንዱ በፒኮሞል፣ ሌላው በፒኮግራም ይጽፋል። ለንቁው ጂኤልፒ-1 በሊትር 1 ፒኮሞል ማለት በሚሊሊትር 3.3 ፒኮግራም ገደማ ነው። ሆርሞኖችን እርስ በርስ ስታወዳድሩ በፒኮሞል ይሁን። ተቀባዩ የሚቆጥረው ሞለኪውል እንጂ ክብደት አይደለም።

ሳይለኩ ማወቅ

አንዳንዴ ቀጥተኛው መንገድ ተቀባዩን መዝጋት ነው። ኤክሴንዲን 9-39 የጂኤልፒ-1ን ተቀባይ ይዘጋል፤ ለሰውም ለምርምር ተሰጥቷል። ዴቫዜፓይድ የሲሲኬን አንደኛ ተቀባይ ይዘጋል። አፕሬፒታንት የሰብስታንስ ፒን። ሰው ምግብ በልቶ ተቀባዩ ሲዘጋ ምን እንደተለወጠ ካያችሁ፣ ደም ውስጥ ያለው ቁጥር የማይመልሰውን "ሆርሞኑ በእርግጥ ያስፈልግ ነበር ወይ?" የሚል ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ሆርሞንን በመርፌ ሰጥቶ ውጤት ማየት "ይችላል" ይላል። መዝጋት "ያደርግ ነበር" ይላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። መዝጋት ደግሞ በደም ለሚሄደውም በነርቭ ለሚሄደውም እኩል ይሠራል።

በማን ላይ?

የሕዋስ መስመሮች ርካሽና ፈጣን ናቸው። ኤስቲሲ-1ና ግሉታግ ከአይጥ፣ ኤንሲአይ-ኤች716 ከሰው ካንሰር የመጡ ናቸው። አንድ ንጥረ ነገር ሆርሞን ያስለቅቃል ወይ የሚለውን ቶሎ ያሳያሉ። ዕጢ መሆናቸውን ግን አትርሱ። ላይና ታች፣ የአንጀት ጎንና የደም ጎን በትክክል የላቸውም። ነርቭ የለም። ደም የለም።

ኦርጋኖይድ ከዚህ ይሻላል። በ2009 ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ከአንድ የአይጥ ግንደ ሕዋስ ትንሽ አንጀት ማብቀል እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ከሰው ናሙናም ይበቅላል። ትልቁ እንቅፋት ቁጥር ነው፤ የሆርሞን ሕዋሶች ከአንጀት ሽፋን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ብዙ እንዲሆኑ ማብቀያውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሌላ ያስተማሩን ነገር አለ። አይ ሕዋስ ሲሲኬን፣ ኬ ሕዋስ ጂአይፒን፣ ኤል ሕዋስ ጂኤልፒ-1ን የሚለው የድሮ ክፍፍል ጥብቅ አይደለም። አንዱ ሕዋስ ሁለትና ሦስት ሆርሞን ይዞ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ማነቃቂያ ሰጥታችሁ አንድ ሆርሞን ብቻ ብትለኩ አብረው የወጡት ያመልጧችኋል።

በእኔ ሚዛን ለመለቀቅ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጠው ከሰውነት ወጥቶ በደም ሥሩ ፈሳሽ እየተንቆረቆረለት በሕይወት የሚቆይ የአይጥ ወይም የአሳማ አንጀት ነው። ማነቃቂያውን በአንጀቱ ውስጥ ወይም በደም ሥሩ በኩል እየለያችሁ መስጠት ትችላላችሁ። የሚወጣውን ፈሳሽ በየደቂቃው ትሰበስባላችሁ። ሆርሞኑ በሰውነት ሁሉ ሳይቀጥን ታገኙታላችሁ። እጅ ይጠይቃል፤ ለመልመድ ወራት ይፈጃል። ግን የሚሰጠው መልስ ንጹሕ ነው።

ትንሿ አይጥ በጂን ሥራ ተወዳዳሪ የላትም። ለተደጋጋሚ ደም ግን አትመችም። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ በሰውነቷ ሙሉ ያላት ደም 2 ሚሊሊትር አይሞላም። ጂኤልፒ-1ዋ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል፤ ከዲፒፒ-4 ሌላ ኔፕሪላይሲን የሚባል ኢንዛይምም ይቆራርጠዋል። በ30ኛው ደቂቃ ቀድታችሁ "ለውጥ የለም" ብትሉ ጫፉ አምልጧችሁ ሊሆን ይችላል።

ሆርሞን ከረሃብና ከጥጋብ ጋር ስላለው ግንኙነት ለመጠየቅ ከሰው የሚሻል የለም። አይጥ "ጠግቤያለሁ" አይልም። ለዚህ የምመርጠው ጥምረት ጠቅላላ ጂኤልፒ-1፣ ፒዋይዋይና ግሬሊን ከጥጋብ መለኪያ መጠይቅ ጋር ነው። በ0፣ 15፣ 30፣ 60፣ 90፣ 120 ደቂቃ፤ ከተቻለ እስከ 180። ለነርቭ ጥያቄ ደግሞ ሕብረ ሕዋሱን ራሱን ውሰዱ። ውሃና ጨው ወደ አንጀት መፍሰሱን ለማጥናት የኡሲንግ ቻምበር፣ የጡንቻ መኮማተርና መላላትን ለማጥናት የጡንቻ ቁራጭ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ።

እኔም የቪአይፒ ጥያቄዬን ወደዚያ ነው የመለስኩት። አንድ ትንሽ የአንጀት ጡንቻ ቁራጭ፣ 37 ዲግሪ በሆነ ክሬብስ ፈሳሽ ውስጥ፣ ኦክስጅን እየገባለት። አትሮፒንና ጓኔቲዲን ጨምሬ የታወቁትን ሁለት የነርቭ መንገዶች ዘጋሁ። ነርቩን በኤሌክትሪክ ስነካው ጡንቻው ላላ። የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ ስገታ መላላቱ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። ኤቲፒም ጡንቻን ስለሚያላላ የእሱንም ተቀባይ ዘጋሁ። ቀጥሎ የቪአይፒን ተቀባይ ዘጋሁ፤ የቀረውም ሳሳ። በመጨረሻ የነርቭን ምልክት የሚያቆመውን ቴትሮዶቶክሲን ስጨምር መስመሩ ዝም አለ። ከደም ሁለት ወር የፈለግኩትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ሴንቲሜትር ጡንቻ አየሁት።